ከአሥራ ዘጠኙ ሦስቱ

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። የጨመርኩበት ነገር የለም፤ የቀነስኩት ካለ ለትሕትና ብዬ ነው። በእናቴ መቃብር እምላለሁ። እናቴ በእርግጥ አሪዞና ውስጥ በሕይወት አለች፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ ደውላ ስለ ጉልበቷ አርባ ደቂቃ አውርታኛለች፤ መቃብሩን ግን ከነድንጋዩ ገዝታ ስላስቀመጠችው መሐላው ይጸናል። አማቴ ሀልቮር ካሏቸው አሥራ ዘጠኝ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይት በሚሽከረከር ከበሮ የሚጎርሱ ሽጉጦች፣ ውስጥ ለቀሪ ዘመናቸው የሚበቋቸውን ሦስት የመረጥኩላቸው እኔ ሮይስ ነኝ። አንዱ ለአደን፣ አንዱ ለራስ መከላከያ፣ አንዱ ለዒላማ ውድድር። በቢሊንግስ ከተማ ስለ ሽጉጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ ነበረ፤ እሱም ወደ ዋዮሚንግ ሄደ። አንዳንዶች ከእኔ ሸሽቶ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ወሬ አላዛምትም።

ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እኔና ባለቤቴ ማርሊስ የአባቷን በር ስንከፍት ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጸጉራቸውን በውኃ አበጥረው፣ ቄስ የሚመጣባቸው ይመስል ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሟች ባለቤታቸው አግነስ ለገና ብቻ ታወጣው በነበረው የጠረጴዛ ልብስ ላይ አሥራ ዘጠኙም ሪቮልቨሮች ተደርድረዋል። ጥይት እንደሌለባቸው እንዲታይ ከበሮዎቻቸው ወደ ጎን ተከፍተው ሁሉም የሚያዛጉ ይመስላሉ። በመሀላቸው አንድ ሳህን የቀረፋ ዳቦ አለ። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፎቹ የተነሡበት ቦታ ከቀሪው ቀለም ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ማርሊስ በወፍራም እስክሪብቶ “ድስት”፣ “ፎጣ”፣ “እናዬ” እያለች የጻፈችባቸው ካርቶኖች እስከ መስኮቱ ተቆልለዋል። በመስኮቱ በኩል በጥቅምት ስኳር የሚጨመቅበት የቀይ ሥር ሽታ ከስኳር ፋብሪካው እየመጣ ይገባል። ማርሊስ አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸው። እሳቸው “ቡናው ትኩስ ነው” አሉ። በእነሱ ቤት ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ተሽጧል። ሰኞ ዕለት ሀልቮር ከከተማው ምዕራብ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊገቡ ነው። የመኖሪያው ደንብ ሽጉጥ አይከለክልም፤ እዚህ አካባቢ የሚከለክል ደንብ ያወጣ ሰው ባዶ ሕንፃ ይዞ ይቀራል። ግን ሽጉጥ ያለው ሁሉ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ወለሉ ላይ በብሎን በታሰረች ካዝና ይቆልፋል፤ ካዝናዋም ሦስት ሽጉጥ ብትይዝ ነው። ሀልቮር ሐሙስ ዕለት ደውለው የካዝናዋን ልክ በኢንች ከነገሩኝ በኋላ ካርቶን በልኳ ቆርጬ እንዳመጣ፣ ቅዳሜም መጥቼ እንድመርጥላቸው ለመኑኝ። ለመኑኝ ስል ሦስት ጊዜ ነው። ስልኩን ስዘጋው እንኳ እየለመኑኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ቡናው እንደተቀዳ ውሉን ራሳቸው አስቀመጡት። “ሦስቱ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ” አሉ። “ከቀሩት አንዱን፣ የወደድከውን፣ አንተ ትወስዳለህ። አሥራ አምስቱን ሰኞ የጨረታው ሰውዬ መጥቶ ይጭናቸዋል።”

እኔ የምፈልገው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ከዳር የተኛችው፣ ባለ ስድስት ኢንች አፈሙዟ፣ ብረቷ እንደ ጥልቅ ውኃ ሰማያዊ የሆነችው፣ የእንጨት እጀታዋ በሀልቮር መዳፍ ልክ የተላገው። ሰማያዊዋ እላታለሁ። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ሀልቮር አውሰውኝ፣ በመቶ ሃያ እርምጃ ርቀት፣ በአንድ ጥይት፣ ባለ አሥር ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን የጣልኩባት እሷ ናት። ይህን ታሪክ በቢሊንግስ ያልሰማ ሰው የለም። ፀጉር አስተካካዩ ሰምቷል፤ የጥርስ ሐኪሜም አፌን ከፍቶ እየሠራ በአፍንጫዬ ነግሬው ሰምቷል። ቀንዱ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ግን ባዶ ሚስማር አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀና ብሎ ቀንዱን ያይና ሚስማሩን ያይና “ሽጉጡስ?” ይለኛል። አሥር ዓመት ሙሉ “አማቴ ዘንድ ነው” ማለት ለአንድ ጀግና ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌው ሰማያዊዋን ከሦስቱ አንዷ ካደረጓት ደግሞ ሚስማሩ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ካርቶኑን ስቆርጥ ከርዝመቱ ላይ ጥቂት ቀነስኩለት። ጥቂት ስል የአንድ አውራ ጣት ያህል። መቀስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሕተት ነው።

በአደኑ ጀመርን። እኔ ወዲያው ተነሥቼ ከመሀል ትልቁን ጥቁሩን አነሣሁ። ይህ ሀልቮር አንድ ጊዜ በጨረታ በቅናሽ ገዝተውት ሁለት ጊዜ ብቻ የተኮሱበት ሽጉጥ ነው፤ ሽጉጥ ከማለት መድፍ ማለት ይቀላል። ከበሮው የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፤ ጥይቱም የኔን ጣት። መድፉን ወደ ብርሃኑ እያዞርኩ ለአደን ከዚህ ሌላ ወሬ እንደሌለ፣ አላስካ ድረስ የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ይህንኑ እንደሚይዙ፣ እኔም በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ሽጉጥ ቢኖረኝ ሌላ እንደማልመኝ ነገርኳቸው። የመጨረሻዋን ልብ አድርጉልኝ፤ በኋላ ትመጣለች። ሀልቮር ተቀብለውኝ በአንድ እጃቸው ለማንሣት ሞከሩ። አንጓቸው ዘመም አለ። በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው መለሱት።

“ለምንድን ነው የሚሆነኝ?” አሉ።

“ድብ ቢመጣብዎስ አባባ?”

ማርሊስ ወጥ ቤት ሆና ድስት በጋዜጣ ትጠቀልላለች። “ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው” አለች ዞር ሳትል። “ድቡ በደረጃ ነው በአሳንሰር?”

ሽማግሌው አልሳቁም፤ ግን ቡናቸውን ፉት አሉና ጥቂት ቆዩበት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ባለ አራት ኢንች አፈሙዟን፣ ከሁሉም ተራ የምትመስለውን አነሡ። ጫካ ውስጥ አርባ ዓመት ወገባቸው ላይ የኖረች ናት፤ የማኅደሩ ቆዳ እየፈተገው የአፈሙዟ ጫፍ ነጥቷል። አጋዘን በቅርብ ከቆመላቸው ትበቃለች፣ ካልቆመላቸውም ሄደው እሱን አይተው ይመለሳሉ። ደግሞ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሦስት ዓይነት ጥይት አቀላቅለው በየሣጥኑ ላይ መነጽራቸውን ሲፈልጉ መኖር አይሹም፤ ሦስቱም ሽጉጦች ከአንድ ሣጥን የሚበሉ መሆን አለባቸው አሉ። ሣጥኑም ቢሆን ሃምሳው ጥይት ሠላሳ ሁለት ዶላር ገብቷል። ይህን እኔም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲያውም ቀደም ብዬ ብዬው ሊሆን ይችላል።

ለራስ መከላከያ የሚሆነው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። እኔ አዲስና ቀላል የሆነች፣ ኪስ ውስጥ የምትጠፋ አንዲት ድንክዬ አቀረብኩ፤ ሀልቮር ምላጯን አንዴ ሳቡና ጠቋሚ ጣታቸውን አሹት። ምላጯ ለቁርጥማት ጣት ይከብዳል። ከዚያ ወፈር ያለችውን፣ ሙሉ ብረት የሆነችውን የአግነስን አነሡ። አግነስ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከሻማና ከላስቲክ ጋር ታስቀምጣት ነበር። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሳባታለች፤ ምድር ቤት በገባ የሚሸት አውሬ ላይ፤ አውሬውን ስታ የልብስ ማጠቢያውን መታች። ማጠቢያው ከነቀዳዳው እስካለፈው ዓመት ሠርቷል። ሽማግሌው የእጀታዋን ስንጥቅ በጥፍራቸው ፈተጉት፤ ነጭ ነገር ወጣ። ዱቄት ነው። ማርሊስ ከወጥ ቤት መጥታ አየችና ተመልሳ ሄደች። የውኃው ቧንቧ ተከፈተ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ሽጉጧን ከባለ አራት ኢንቿ ጎን አስቀመጧት።

ቀጥሎ ውድድሩ ነበር። እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ መታ፤ ከደስታ ነው። ሀልቮር እጃቸውን ሰማያዊዋ ላይ አሳረፉ። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ዒላማ ተኩስ ክለቡ ሄደው ለሠላሳ ዓመት የተወዳደሩባት እሷ ናት፤ አንድ ዓመት ሆናቸው ግን ማምሻ ላይ መንዳት አቅቷቸው ቀርተዋል። እኔ ካርቶኑን አወጣሁ። የተመረጡትን ሁለቱን በጥንቃቄ አስገባሁና ሰማያዊዋን በላያቸው ሳጋድማት አፈሙዟ ወጥቶ ቀረ። በሰያፍ ሞከርኩ፣ ገልብጬ ሞከርኩ፤ ማንም ሰው ከእኔ የበለጠ ሊሞክር አይችልም። የአውራ ጣት ያህል ይቀራታል። እንግዲህ ካዝና ካዝና ነው፤ ብረት አይለምንም አልኳቸው። ሀልቮር ካርቶኑን አዩት። እኔን አዩኝ። ካርቶኑን ደግመው አዩት።

“እንግዲያው ለአንተ ትሆናለች” አሉ። “ከመስጠቴ በፊት ግን ወስደን አንዴ እንተኩስባት።”

ሰው ባሸነፈበት ሰዓት ቸር ይሆናል፤ እሺ አልኳቸው። ማርሊስ የበሰለውን የባቄላና የሥጋ ወጥ ከነድስቱ በፎጣ ጠቅልላ ከቀረፋ ዳቦው ጋር መኪናው ወለል ላይ አስቀመጠችው፤ ከተኩስ ቦታው በኋላ ወደ አዲሱ ቤት አልፈን ካዝናዋን ልናይና እዚያው ልንበላ ነው። የምትነዳው እሷ ናት። ከከተማው ወጥተን ከተማውን ቁልቁል በሚያየው ገደል ሥር ያለውን መንገድ ስንይዝ፣ ጠመዝማዛው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች።

“አጋዘንህ እዚህ ጋ አይደል የወጣብን?” አለች።

ሚስቴ መንገድ ላይ የምታየውን ሁሉ ከእኔ አጋዘን ጋር ታምታታለች። ሬዲዮውን ከፈትኩት። እሷ ግን ከሬዲዮው በላይ ሳይሆን ከሬዲዮው በታች በሚሰማ ድምፅ፣ የተገጨ አውሬ ሥጋውን ለመውሰድ መንግሥት የሚሰጠው ወረቀት እስካሁን እዚያው የመኪናው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ለአባቷ ነገረቻቸው። ሀልቮር ከኋላ ወንበር ሆነው “ጥሩ ሥጋ ነበር” አሉ። በመስኮት ወደ ውጭ እየተመለከትኩ ስለ አየሩ ጠባይ ጥቂት አስተማርኳቸው።

ክለቡ ጋ መግቢያው ለአንድ ሰው አሥራ ስምንት ዶላር ነው፤ ለሀልቮር ግን በሩ ላይ ያለው ሰውዬ “እርስዎማ” ብሎ እጁን አወዛወዘ፤ በእኔ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የጆሮ መከላከያችንን አጥልቀን ቆምን። ሀልቮር አጫጭሮቹን ጥይቶች፣ ለዒላማ የሚተኮሱትን ለስላሶቹን፣ አንድ በአንድ ወደ ሰማያዊዋ አስገቡ። ይህን ሲያደርጉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ጥይት ወድቆ ማርሊስ አነሣችላቸው። ከዚያ ሰማያዊዋን ከፍ አደረጉ። እመኑኝ፣ ይህን ሳወራ አንዳች አልጨምርም፤ ማጋነን የማልችልበት ነገር ነውና። ክንዳቸው ሲዘረጋ መንቀጥቀጡ ቆመ። አንድ ሰው ሬዲዮ እንደሚያጠፋ ቆመ። ስድስት ጊዜ ተኮሱ፤ ስድስቱም ቀዳዳ በቡና ኩባያ ክዳን ይሸፈናል። ለማርሊስ ሰጧት፤ እሷም ስድስት ተኮሰችና ኩባያው ትንሽ ሰፋ። አባትና ልጅ አልተያዩም፤ ወረቀቱን ብቻ አዩ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ብታደርሳቸው ምን ይመስላቸዋል አለቻቸው። እሳቸውም ሐሙስ ሌላ ቀጠሮ እንደሌላቸው ነገሯት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሚስማሬ ሳላስብ አንድ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ሁለት ደቂቃ ይሆናል።

ከዚያ ሀልቮር ከኪሳቸው ሌላ ሣጥን አወጡ። ረዣዥሞቹ ናቸው፤ ሰማያዊዋ አጭሩንም ረዥሙንም ትበላለች፤ ለአደን የሚሆነው ኃይለኛው ረዥሙ ነው። “አጋዘኑን የጣልክበት ይኼ ነው” አሉኝ። “በል፣ አስታውሳት።” ተቀበልኩና በመቶ ስድሳ እርምጃ ያንን ባለ አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ እንዴት እንዳየሁት እየነገርኳቸው የመጀመሪያውን ጥይት ከበሮው ውስጥ ከተትኩ። አልገባም። ማለቴ ገባና ሊጨርስ የጥፍር ያህል ሲቀረው ተቀረቀረ። ሌላኛውም ቀዳዳ ጋ እንዲሁ። በአውራ ጣቴ ገፋሁ፣ በመዳፌ ገፋሁ። ከበሮው አልዘጋ አለ። ሽጉጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ አጭር ጥይት ብቻ እየተተኮሰ ሲኖር፣ ቀለሁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጥላሸቱ እንደ ቀለበት ይጋገርና ረዥሙን አላሳልፍ ይላል። ያንን የሚያህል ቀለበት በአንድ ሐሙስ አይጋገርም። ረዥሙን ቀምሳ በማታውቅ ሽጉጥ ውስጥ ነው የሚጋገረው። እኔም ወዲያው ምክንያቱን አገኘሁት። ከአጋዘኑ በኋላ የተጋገረ ነው አልኳቸው።

“ይሆናል” አሉ ሀልቮር። ሰማያዊዋን ከእጄ ወሰዱ፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየነቀሉ ወደ ሣጥናቸው መለሱ። ፊታቸው ላይ አንድም ክፉ ነገር አልነበረም፤ ይህ ነው የከበደኝ። ማርሊስ ጫማዋን አየች። ከዚያ ሽማግሌው ሽጉጦቹን ከቤት ይዘው ከመጡበት ቦርሳ መድፉን አውጥተው፣ ጧት ያን ያህል ካመሰገንኩት እስቲ አንዴ ልተኩስበት አሉኝ። ተኮስኩ። ግድግዳው፣ ጣሪያውና እኔ አብረን ተንቀሳቀስን። ኮፍያዬ ወደቀ፤ ያወለቅኩት ግን ራሴ ነኝ፣ ለሽጉጡ ክብር። ዒላማው ላይ ቀዳዳ አለመኖሩን የሚያነሣ ሰው ካለ፣ ጥይቱ ከፍጥነቱ የተነሣ ወረቀቱ ሳይሰማው አልፏል ማለት ነው። መዳፌ እስከ አሁን ሲነካ ይሞቃል።

አዲሱ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። አንድ ክፍል ለመኝታ፣ አንድ ክፍል ለመኖሪያ፤ ቀድመው ከመጡ አንድ ወንበርና ጥቂት ካርቶኖች በቀር ባዶ ነው፤ ምንጣፉ አዲስ የቀለም ሽታ አለው፤ መስኮቱ ግን ገደሉን ፊት ለፊት ያያል፣ ለዚህም ሀልቮር በወር ሰማንያ ዶላር ይጨምራሉ። ማርሊስ ድስቱን ምድጃ ላይ አደረገች። እኔ ካርቶኔን በብብቴ ይዤ ገባሁ፤ ጥሎ መግባቱ ጥርጣሬ የሚያስነሣ መስሎኝ ነው። ሀልቮር ቁም ሣጥኑን ከፍተው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩ። ባለ አራት ኢንቿን አስገቡ፣ የአግነስን አስገቡ፣ ከዚያ ሰማያዊዋን በላያቸው አጋደሟት። ገባች። ከአፈሙዟ ጫፍ እስከ ካዝናዋ ግድግዳ ክፍተት ቀረ፤ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አስገብተው ለኩት። ልክ አውራ ጣት።

“ካርቶንህ በዝናብ ሳይኮማተር አልቀረም” አሉ።

ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ከነሐሴ ወዲህ አልዘነበም። ተንበርክከው እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ፤ ክንዴን ሰጠኋቸውና ደግፌ አነሣኋቸው። ቀላል ናቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያች ደቂቃ ሰማያዊዋ ከዚያ ካዝና ሌላ ቦታ ብትሆን እኔም ደስ ባላለኝ ነበር። “አባባ፣ ሰማያዊዋን ይያዙ ብዬ አልነበር?” አልኳቸው። “ብለሃል” አሉ። ቀጥለው ያን ቀን የመጀመሪያውን ፈገግታቸውን አሳዩኝና ጧቱን ሙሉ ያመሰገንኩትን፣ ቢኖረኝ ሌላ አልመኝም ያልኩትን መድፍ ሊነፍጉኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ቦርሳውን ከነመድፉ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ትከሻዬ ወረደ። አፌ ያመጣብኝ ዕዳ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ወዲያው በሌላ ዓይን አየሁት። ያን የሚያህል ቀንድ ሥር ያቺ ቀጭን ሰማያዊ ሽጉጥ ስትሰቀል ምን ትመስል ነበር? ሲታሰብ ያ አጋዘን በመድፉ ነው የወደቀው ቢባል ይሻላል። ሚስማሩን ብቻ ወፈር ማድረግ ነው።

ወጡ ሲሞቅ ሽታው ኮሪደሩን ሳይሞላው አልቀረም፤ በሩ ተንኳኳና ጎረቤቷ ወይዘሮ ፍሎሪን ማንኪያቸውን ራሳቸው ይዘው ገቡ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ደቃቃ፣ ጆሯቸው ላይ መስሚያ ያለባቸው፣ የጡረተኛ አስተማሪ ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። ሀልቮር ብድግ ብለው ያላቸውን አንዱን ደህና ወንበር ሰጧቸው፤ እኛ ካርቶን ላይ ተቀመጥን፤ እኔ የራሴን ካርቶን መረጥኩ፣ ተጨፍልቆ ቢጠፋ ብዬ። ወጡን በሳህን፣ የቀረፋ ዳቦውን በእጃችን ይዘን እየነከርን በላን። ገደሉ በመስኮቱ ውስጥ ወደ ብርቱካን ተለወጠ። ማርሊስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከአባቷ እግር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። በዚህ ቤት ሰው ሊኖር እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ።

አዲስ ጆሮ ሲገኝ ደግሞ ዝም ማለት ኃጢአት ነው። ለወይዘሮ ፍሎሪን አጋዘኑን ነገርኳቸው። ሁለት መቶ እርምጃ፣ ከፊት ለፊት ነፋስ፣ ባለ አሥራ አራት ቅርንጫፍ፣ በዚህ በትከሻዬ በተንጠለጠለው መድፍ። ማርሊስ ወጥ ጨመረችልኝ፤ አፌን ለመዝጋት ያህል ሳይሆን አይቀርም ከፍ አድርጋ ነው የጨመረችው። ከአጋዘኑ ወደ ዛሬው ቀን ተሻገርኩ። አሥራ ዘጠኝ ሪቮልቨሮች እንዴት እንደጠበቁኝ፣ ሽማግሌው የቱን ከየቱ መለየት አቅቷቸው እንዴት እጄን እንደያዙ፣ ሦስቱም ከአንድ ሣጥን እንዲበሉ ማሰብ ከማንም ጭንቅላት እንዳልመጣ፣ ጫካ የኖረችውን ለአደን፣ የአግነስን ለቤት፣ ሰማያዊዋን ለሐሙስ ብዬ አንድ በአንድ እንዴት እንዳወጣሁላቸው፤ ቀኑን ሙሉ የፈጀ ሥራ እንደነበር፣ ያለ እኔ ካዝናዋ ዛሬም ባዶ ትሆን እንደነበር ነገርኳቸው። ሀልቮር በጥሞና እየሰሙ ዳቦአቸውን ነከሩ። “እውነቱን ነው፣ በጣም ረድቶኛል” አሉ።

ወይዘሮ ፍሎሪን ማንኪያቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ግራ የገባቸው ይመስላሉ። መስሚያቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና ወደ ሀልቮር ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

“እነዚህኑ ሦስቱን እኮ እሳቸው ረቡዕ ዕለት አምጥተው ካዝናዋ ውስጥ ለክተዋቸዋል” አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። “የእጅ ባትሪውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ልክ መሆናቸውን ካየን በኋላ መልሰው አወጧቸው። ‘ቅዳሜ ልጆቹ መጥተው ይመርጡልኛል’ አሉኝ።”